ቀበሌው ሞትን የከለከለበት ሰሞን

ልጅ ሳለሁ ሰው ለመሞት የቀበሌ ፈቃድ የሚያስፈልገው ይመስለኝ ነበር። ይህን ዛሬ ለሰፈራችን ልጆች ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ሲስቁ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም። ያኔ አሰላ ውስጥ፣ ከጓሯችን ባለው ባሕር ዛፍ መሐል ነፋስ ሲያፏጭ እንኳ ሚሊሻ የመጣ እየመሰለኝ እናቴ ቀሚስ ውስጥ የምሸጎጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ነገሩ ከጥሩምባ ይጀምራል።

አያቴ አባባ ወልደ ሚካኤል የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ሊነጋጋ ሲል ይነሳሉ፤ ካፖርታቸውን ይደርባሉ፤ የጥሩምባዋን አፍ በእጅጌያቸው ጠረግ ያደርጋሉ። ከዚያ በየመንገዱ ማዕዘን እየቆሙ ይነፋሉ፤ አንዴ ረዘም፣ ሁለቴ አጠር አድርገው። የሟቹን ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጠራሉ፤ ሰፈራችን ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ እድር የሚቀባበር ነዋ። ያ ድምፅ ከጭላሎ ብርድ ጋር ተያይዞ በበራችን ስንጥቅ ሲገባ፣ እኔ ብርድ ልብሴን እስከ አናቴ እከናነብ ነበር። ጥሩምባዋ ለእኔ የሞት ወሬ አልነበረችም፤ ራሷ ሞት ነበረች። አባባ ስም ይጠራሉ፣ ስሙ የተጠራው ሰው ይቀበራል፣ እሳቸው ቤት ተመልሰው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። ያን ጊዜ እጃቸውን አያለሁ፤ ትልቅ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ እኔን ፀጉሬን የሚዳብስ እጅ። እንዴት አንድ እጅ ሁለቱንም ይሠራል እያልኩ እገረም ነበር።

አዋጁ የመጣው መስቀል አልፎ፣ በኢተያ በኩል ስንዴው ቢጫ መምታት ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት መንገድ ተዘግቶ ሰንብቷል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከብቅል ፋብሪካው ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ላይ ቀርቷል። አንድ ማታ ቴሌቪዥን ላይ ከረባት ያሰረ ሰው ብዙ ነገር አነበበ። አባዬ ድምፁን ቀነሰው፤ እማዬ መጋረጃውን ሳበች። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው አሉ። ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም፤ እኔም ፊታቸውን አይቼ አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ አብዲሳ መጣ።

አብዲሳ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። እዚያው ሰፈራችን ተወልዶ ያደገ፣ ረጅም፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው። ያን ቀን ቀትር ላይ በካፊያ ከአንድ ሚሊሻ ጋር መጣ። ሚሊሻው ጠመንጃውን አንግቶ ደጃፋችን ላይ ሲቆም፣ እኔ ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

«አካኮ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አብዲሳ። እንደ ሰፈሩ የኦሮሞ ልጆች ሁሉ አያቴን «አካኮ» ይላቸዋል፤ አያቴ ማለቱ ነው።

«ደህና ነኝ፣ አብዲ። በጠመንጃ ነው እንዴ ዛሬ የምትጠይቀኝ? ግባና ተቀመጥ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ጥሩምባዋን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ምን አጠፋች?»

«ሰው ትሰበስባለች።»

«ታዲያ ሥራዋ አይደለም እንዴ! ሰው ካልሰበሰበች ምን ትሁን፣ ወጥ ታማስል?»

ሚሊሻው ሊስቅ አለና የአብዲሳን ፊት አይቶ ተወው።

«አካኮ፣ ይሄ አዋጅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ጥሩምባ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም። ሰው ቢሰበሰብ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

አባባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ሞትስ?» አሉ። «እሱንም ታስፈቅዱታላችሁ?»

አብዲሳ ጥሩምባዋን ከግድግዳው ምስማር ላይ አወረደ። «እሱም ቢሆን» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «አዋጁ እስኪነሳ ያለ ፈቃድ ባይመጣ ይሻለዋል።»

ሁለቱም እየቀለዱ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። የፈሩ ሰዎች ቀልድ ነበር። ከበሩ ኋላ ቆሞ ለሚያይ ልጅ ግን ማንም አልሳቀም። እኔ የሰማሁት ሊቀመንበሩ ጠመንጃ ከያዘ ሰው ጋር መጥቶ ሞትን ሲከለክል ነው። የሞትን ጥሩምባም ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ነገሩ ሠራ እኮ! ሳምንት አለፈ፤ ጥሩምባ የለም። ሌላ ሳምንት አለፈ፤ ሰው አልሞተም። ጠዋት ጠዋት የጋሪ ፈረስ ኮቴና የመስጊዱ አዛን ብቻ ነው የሚሰማው። ቀበሌ እንዲህ ጎበዝ ከሆነ ለምን ቀደም ብሎ አልከለከለም አልኩ በልቤ።

ሰው አልሞተም ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ማርያም፣ ከታች ያሉት ባለ ጠላዋ፣ በዚያው ሰሞን አርፈው ነበር። ሌላም ሰው ነበር። እማዬ «ገበያ ደርሼ መጣሁ» ብላ ባዶ ዘንቢል ይዛ ስትመለስ ጫማዋ ላይ ቀይ አፈር አይቼ ነበር፤ የመቃብሩ ቦታ አፈር። አራት አምስት ሰው ሆነው፣ ተራርቀው እየሄዱ፣ እንደ ሌባ ሰው ይቀብሩ ነበር። እኔ ግን ቀይ አፈሩን አይቼ፣ ገበያው ጭቃ ነው አልኩ።

ደስታው አልሰነበተም። ከእኛ ማዶ ካለው ቤት አንድ ጎረምሳ ፒካፕ ላይ ሲጭኑት አየሁ። እናቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። «ምን አደረገ?» ብዬ እማዬን ስጠይቃት፣ «አዋጅ ጥሰሃል ብለውት ነው፣ ዝም በይ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አዋጅ የጣሰ ይወሰዳል። ታዲያ ያለ ፈቃድ የሞተ ሰውስ? እሱም ይወሰዳል ማለት ነው። ሬሳውን ፒካፕ ላይ ሲጭኑት፣ እግሩ ከጋቢው ወጥቶ ሲንጠለጠል፣ የት እንደሚወስዱት ሳይታወቅ መኪናው በበቆጂ መንገድ ጉም ውስጥ ሲገባ ይታየኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ይብስብኛል።

በዚህ መሐል አባባ ማሳል ጀመሩ።

ሳላቸው ከደረታቸው ሥር የሆነ ነገር እየፋቀ የሚወጣ ዓይነት ነበር። ሆስፒታል ተወስደው፣ ሰንብተው፣ «እቤታቸው ይሁኑ» ተብለው ተመለሱ። እኔ ድነው የመጡ መስሎኝ ዘለልኩ። እማዬ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ትንፋሻቸውን እጠብቅ ጀመር። ሲዘገይ እነቀንቃቸዋለሁ።

«ምነው ትንቢት?» ይሉኛል ዓይናቸውን ገልጠው፣ በስሜ ጠርተው።

«ምንም። እየተነፈሱ መሆንዎትን እያየሁ ነው።»

«ጎሽ። ስረሳው አስታውሺኝ።»

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሁሴኖ መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ የፊት ጥርሳቸው ያለቀ፣ ከአባባ ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲበሻሸቁ የኖሩ። ቲቸር ኃይለመስቀልም ከጓሮ ክፍሉ መጣ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሥነ ዜጋ መምህር ነው፤ እኛ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሁለቱ ከአባዬ ጋር ጓዳ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉ። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ።

«ዛሬ ወይም ነገ ነው» አለ አባዬ። «እንዴት ላድርግ? ጥሩምባ የለ፣ ድንኳን የለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ስም ሲጠሩ ኖረው፣ የሳቸውን ስም የሚጠራ ይጥፋ?»

«ቀበሌ ሄደን ፈቃድ እንጠይቃለን» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። «ነገ ጠዋት እኔና አንተ።»

«ከከለከለስ?»

«መከልከል እኮ ሥልጣኑ አይደለም» አለ ቲቸር ቀስ ብሎ። «አዋጁን አንብቤዋለሁ። ሥልጣን የተሰጠው ለኮማንድ ፖስቱ ነው። ቀብር ይከለከላል የሚል ቃል ደግሞ እኔ አላየሁበትም።»

«ቲቸር፣ አላህ ይስጥህ» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። «እንግዲያው አንተ ቅደምና ይህን ለሚሊሻው ንገረው። እኔ ከኋላህ አለሁ፤ ራቅ ብዬ።»

«አትቀልዱ» አለ አባዬ። «ወደ ጢቾ መንገድ አንዱን ጥሩምባ ነፊ ከነጥሩምባው ወስደውታል አሉ። እኔን ቢወስዱኝ እነዚህን ማን ያበላቸዋል? ቢሆንም እጠይቃለሁ። ፈቃድ ካገኘን በሰላም ይሄዳሉ።»

አባዬ፣ የገዛ አባቴ፣ አባባ እንዲሞቱ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው! ጋሽ ሁሴኖም፣ ያ ሁሉ ወዳጅነት፣ አብረው ሊሄዱ ነው! ነገ ጠዋት። እስከዚያ አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። እነሱ ሳይቀድሙኝ ሄጄ እንዳይፈቅድ መለመን።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እናቴ ውኃ ስትቀዳ በጓሮ አጥር ሾልኬ ወጣሁ። ቀበሌው ሩቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። በሩ ላይ አቧራ የለበሰ የወታደር መኪና ቆሟል። የወታደሮቹን ጫማ እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። አንዱ «የት ነሽ?» ሲለኝ በጣቴ ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። እንዴት እንዳሳለፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አብዲሳ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ አንድ የወታደር ጃኬት የለበሰ ሰው እግሩን አንፈራጦ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። የኮማንድ ፖስቱ ሰው ነበር። የአባባ ጥሩምባ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አፏ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀምጣለች።

«ትንቢት? ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አብዲሳ ብድግ አለ።

«አባዬና ጋሽ ሁሴኖ ነገ ይመጣሉ» አልኩ። «እባክዎ እንዳይፈቅዱላቸው።»

«ምኑን?»

«አባባ እንዲሞቱ።»

የሰውዬው ቢላዋ ብርቱካኑ ላይ ቆመ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እስኪል ድረስ።

«ሊቀመንበር! እዚህ ቀበሌ ሰው ለመሞት ያስፈቅዳል እንዴ? እንዲህ ያለ ሥልጣን ከየት አመጣህ? እኛ እንኳ የለን!»

አብዲሳ አልሳቀም። ፊቱ ግራጫ ሆነ፤ ከንፈሩ ነጣ። የተቆጣ መሰለኝ፤ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ቢሆንም አልሄድኩም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ። «እርስዎ ካልፈቀዱ አይሞቱም» አልኩት። «ለአባባ ሲነግሯቸው ሰምቻለሁ።»

ዞር ብሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን ጥሩምባ አየ።

«አልፈቅድም» አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁ ጎርነን ብሎ። «ሂጂ አሁን፣ ወደ ቤትሽ።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸው ገርበብ ብሎ አገኘኋቸው። ጆሯቸው ሥር ገብቼ፣ «አባባ፣ አብዲሳ አይፈቅድልዎትም። ነግሮኛል» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ያን ትልቅ እጅ ራሴ ላይ አሳረፉ። «አብዲ ከከለከለማ» አሉ፣ በየቃሉ መሐል እየተነፈሱ፣ «ምን ይደረጋል። አዋጅ ነው።»

ጎረምሳው ከተወሰደ ወዲህ ያን ማታ ብቻ ጠግቤ ተኛሁ።

ስነቃ ሰማዩ ገና አመድ ይመስላል። አንድ የማላውቀው ነገር ነበር ያነቃኝ። እማዬ አባባ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከታለች፤ አንገቷ ተወጥሯል፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ድምፅ ግን የለም። ሰው ያለ ድምፅ ሲጮህ ያየሁት ያን ቀን ነው። እግዜር ለማንም አያሳይ። አባዬ የለም፤ ጋሽ ሁሴኖ ዘንድ ሄዷል። የአባባ ፊት በጋቢ ተሸፍኗል።

ገባኝ። አባባ ያለ ፈቃድ ሞተዋል። አዋጁን ጥሰዋል፤ ሊወስዷቸው ይመጣሉ። እግራቸው ከጋቢው እንዳይወጣ ደህና አድርጌ ሸፈንኩት። ከዚያ በባዶ እግሬ ወጥቼ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ወረወርኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ብርዱ ጥርሴን ያንቀጫቅጨኛል። ብዙም ሳይቆይ የእግር ድምፅ መጣ፤ በሩም ተንኳኳ።

«ክፈቱ። አብዲሳ ነኝ።»

«አባባ ተኝተዋል!» ብዬ ጮህኩ። «አልሞቱም! ምንም አልጣሱም!»

ከዚያ የአባዬ ድምፅ፣ «ክፈቺ ልጄ፣ እኔም አለሁ» አለኝ። መቀርቀሪያውን ሳብኩት። አባዬ፣ ጋሽ ሁሴኖና አብዲሳ ቆመዋል። ሚሊሻ የለም። አብዲሳ ካፖርት ለብሷል፤ አንድ ነገር ከሥሩ አቅፏል። እፊቴ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትንቢት፣ ስሚኝ። አያትሽ ምንም አላጠፉም። ማንም አይወስዳቸውም። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ትናንት አልፈቅድም ብለው ነበር!»

«ዛሬ ፈቅጃለሁ።»

ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ያችን አንዲት ቃል ነው። ፈቅጃለሁ። እኛ ተኝተን ሳለን ይህ ሰው ሐሳቡን ቀየረ፤ ፈቀደ፤ አባባም ሞቱ። በጥፍሬ ፊቱን ልቧጥጠው ስል አባዬ አንስቶ አቀፈኝ።

አብዲሳ ከካፖርቱ ሥር ጥሩምባዋን አወጣ። ለአባዬ ሰጠው። አባዬ ሞከረ፤ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ንፋስ ብቻ ሆነ። አብዲሳ ወደ ጋሽ ሁሴኖ ዘወር ሲል፣ «እኔን አትየኝ፣ ጥርስ የለኝም» አሉ፤ እንባቸው በሂናው ጢም ላይ ይወርዳል። አብዲሳ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አየ። የጥሩምባዋን አፍ በእጅጌው ጠረገና ነፋ።

አቤት ድምፁ! የታነቀ ጥጃ ይመስላል። መሐሉ ላይ ተሰነጠቀ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። ግን አንዴ ረዘም፣ ሁለቴ አጠር አደረገው። ከዚያ «ወልደ ሚካኤል!» ብሎ ጠራ፤ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። መጀመሪያ አንድ በር ተከፈተ። ከዚያ ማዶ ያለው፣ ልጇ የተወሰደባት ሴትዮ በር። ከዚያ ሁሉም። ያን ያህል ጊዜ ተራርቀው ሲሄዱ የነበሩ ሰዎች ጋቢና ሻል እየጎተቱ መንገዱን ሞሉት። ያኔ እማዬ ነጠላውን ካፏ አውጥታ ጮኸች። ጩኸቷ ሲያስፈራኝ ትዝ ይለኛል፤ ግን ከዚያ ከዝምታው ይሻል ነበር።

ቀብሩ ላይ የወታደር መኪናው ራቅ ብሎ ቆመ። አብዲሳ አፈር ጨብጦ መቃብሩ ላይ በትኖ፣ እጁን እያራገፈ ብቻውን ወደ መኪናው ሲሄድ አየሁት። «ስብሰባ ጠርተውት ነው» አሉኝ። ከዚያ ብዙ ሰነበተ። ሲመለስ ከስቶ ነበር፤ ወንበሩ ላይም ሌላ ሰው ተቀምጧል። ለእኔ ግን አባባን የገደለ ሰው ነበር። በመንገድ ሳየው ማዶ እሻገራለሁ። ትልቅ ልጅ ሆኜ፣ ሞት ፈቃድ እንደማይጠይቅ ካወቅኩ በኋላ እንኳ እግሬ ያው ልማዱን ይዞ ይሻገር ነበር።

እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፍኩም፤ የሕግ ነገር አላውቅም። ቲቸር ኃይለመስቀል ተዛውሮ ከመሄዱ በፊት እንዳስረዳኝ ግን፣ አዋጁ ለቀበሌያችን ያን ሁሉ ሥልጣን አልሰጠም ነበር። ከላይ ስልክ ተደውሎ፣ «ሰው ቢሰበሰብ አንተን ነው የምንጠይቀው» ተብሏል፤ ይኸው ነው። አብዲሳ ያችን አንዲት ቃል ፈርቶ ወደ ጥሩምባው ዘረጋት፤ ከጥሩምባው ወደ ድንኳኑ፣ ከድንኳኑ ወደ ለቅሶው። የት ላይ እንደምታበቃ የነገረው የለም። እሱም አልጠየቀም።

አምና በበጋው፣ ከአንድ ቀብር ስንመለስ፣ ጋሽ አብዲሳ ደክሟቸው የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አዎ፣ ጥሩምባዋን እንደያዙ። ከሊቀመንበርነት ከተነሱ ወዲህ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ እሳቸው ናቸው። አልተሻገርኩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሽ አብዲሳ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ማን ፈቀደልዎት?»

መልሰው ሳያዩኝ የጥሩምባዋን አፍ በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«አንቺ ነሻ» አሉ። «ለአካኮ የመለስኩት ለቀልድ ነበር። አንቺ መጥተሽ ጠረጴዛዬን ይዘሽ ሞትን ከልክልልኝ ስትይኝ፣ ምን ዓይነት ሥልጣን ላይ ተቀምጬ እንደነበር አየሁ። ያ ሰውዬ ሳቀ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ኮማንድ ፖስቱን እንደዚያ ፈርቼው አላውቅም። እስኪነጋ መጠበቅ አቃተኝ፤ ጥሩምባዋን ልመልስ ስወጣ አባትሽን መንገድ ላይ አገኘሁት።»

እስከ ዛሬ ድረስ ሲነፉ ድምፁ መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል። ልጆቹ ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ሊነጋጋ ሲል ያ ስንጥቅ ድምፅ በበሬ ሲገባ ብርድ ልብሱን ከአናቴ ገፍቼ፣ ሻሌን ደርቤ፣ የማን ስም እንደተጠራ ለመስማት እወጣለሁ።